የመርከብ ከርስ

ውሃ የማታስገባ መርከብ የለችም። ይህን የምለው እኔ ሳልሆን መርከብ ሠሪዎቹ ናቸው። የእንጨቷ መርከብ በሳንቃና በሳንቃ መጋጠሚያ ታስገባለች። የብረቷ ዝገት ይበሳታል። ሞተር ያላት ደግሞ ሞተሩን ከኋላ ካለው ተሽከርካሪ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ ታስገባለች። በድሮው አሠራር ይህ ቀዳዳ ቅባት በጠገበ ገመድ ይጠቀጠቃል፤ ጨርሶ እንዳያንጠባጥብ ተደርጎ ከተጠበቀ ግን ዘንጉ ይግላል፣ ይበላል። ስለዚህ መካኒኩ ሆን ብሎ ያላላዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ መግባት አለበት። ዝናቡና ማዕበሉ የሚጨምሩትም አለ። ይህ ሁሉ ውሃ ተሰብስቦ የሚወርደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ከወለሉ ሥር ወዳለው፣ ብርሃን ወደማይገባበት ጎድጓዳ። እኛ ደገኞች ለዚህ ቦታ የለመድነው ስም የለንም። እኔ በዚህ ጽሑፍ “ከርስ” እያልኩ ልቀጥል።

ባሕር በር በሌለው አገር ስለ መርከብ ፓምፕ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? ትሉ ይሆናል። ነገሩን ያመጣው ባሕር ዳር የሚኖር አንድ ዘመዴ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሰው ወደ ጣና ገዳማት የምታመላልስ አሮጌ የብረት ጀልባ ገዛ። ጀልባዋ ታድያ በየማለዳው ከርሷ ውሃ ቋጥሮ ያድራል። አንድ ልጅ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ይዞ እየጨለፈ ያወጣዋል። “አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፣ እስቲ የትኛው ፓምፕ ይሻላል? የትስ ነው የሚተከለው?” ብሎ ደወለልኝ። እኔም የፓምፕ ዓይነት ላጣራ ገብቼ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጓዝኩ። በመንገዴ ላይ አንድ ነገር ደጋግሞ አጋጠመኝ፦ ፓምፕ መርከብን ያድናል፤ ያው ፓምፕ ቀዳዳዋንም ይደብቃል። ሁለቱን ሥራ የሚሠራው ደግሞ አንድ ላይ ነው።

ፓምፕ የማያስፈልገው ጀልባ እዚያው ጣና ላይ መኖሩን መጀመሪያ ላንሳ። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ከርስ የለውም። የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ውሃ ቢገባበትም በሌላ በኩል ይወጣል። ቀዳዳ ማለት ለእሱ ትርጉም የለውም፣ ሁሉ ነገሩ ቀዳዳ ነውና። ችግሩ ሌላ ነው፤ ደንገሉ ቀስ እያለ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በስብሶም ያልቃል። ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል። ማድረቅ ነው እንግዲህ የእሱ ፓምፕ።

ሳንቃ ከሳንቃ አጋጥሞ ውስጡን ባዶ ያደረገ ሰው ግን ከውሃ ጋር ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ ሙግት ገባ። በስድስተኛው መቶ ዘመን የኖረው የባዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ በኩል የሚሄዱት ጀልባዎች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተጣበቁ፣ ዝፍትም ያልተቀቡ እንደሆኑ ጽፏል። ይህ እንግዲህ አጼ ካሌብ ጦር አሳፍረው ወደ ሒምያር የተሻገሩበት ዘመን ነው፤ 525 እ.ኤ.አ. ገደማ። ከተሻገሩት መርከቦች ውስጥ የተሰፉ ያልነበሩ ብዙ አይመስለኝም። የተሰፋ ጀልባ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ድንጋይ ሲመታው ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ስፌቱ ግን ያስገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጀልባ ውስጥ፣ ወታደሩ ጦሩን ተደግፎ ሲያንቀላፋ፣ ከታች ጎንበስ ብሎ የሚጨልፍ ሰው ይኖራል። የመርከብ ከርስ ታሪክ የዚያ ሰው ታሪክ ነው፤ ስሙን የጻፈለት ባይኖርም።

እስከማውቀው ድረስ፣ ለጨላፊው ማሽን ከተሰጠው ብሎ በጽሑፍ ከተመዘገቡት ቀደምት ወሬዎች አንዱ የሲራኩሱ ንጉሥ ሒየሮን ሁለተኛው ያሠራት ግዙፍ መርከብ ነች። ዘመኑ ሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በአቴናየስ መጽሐፍ ተጠቅሶ የደረሰን ወሬ እንደሚለው፣ መርከቧ የአትክልት ቦታና መታጠቢያ ቤት ነበራት፤ ከርሷ እጅግ ጥልቅ ቢሆንም ግን ውሃውን አንድ ሰው ብቻውን ያወጣው ነበር። ያም ሰው የሚያዞረው አርኪሜደስ የፈጠረው ነው የተባለውን፣ በቱቦ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃ የሚያወጣ ትልቅ ብሎን ነው። መርከቧ ትልቅነቷ የሚመጥናት ወደብ ስለታጣ ለግብፁ ንጉሥ ለጰጥሎሚ በስጦታ ተላከች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። ምናልባት አንድ ሰው ያወጣዋል መባሉ ግነት ይኖርበታል። ሻጭ ስለ ፓምፕ ሲያወራ ማጋነኑ ግን ያን ጊዜም የተጀመረ ይመስለኛል።

ሮማውያን ሌላ ዘዴ ያዙ። በሜዲትራኒያን ወለል ላይ ተቀብረው ከተገኙ መርከቦቻቸው ውስጥ መሐላቸው የተበሳ ትንንሽ የእንጨት ክቦች ወጥተዋል። ክቦቹ በገመድ ላይ ተሰክተው በቱቦ ውስጥ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ክብ ከፊቱ ያገኘውን ውሃ እየገፋ ይወጣል። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ በየገጠሩ በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ተተክሎ የምናየው የገመድ ፓምፕ ነው። ገበሬው መዘውሩን ያዞራል፤ በገመዱ ላይ የታሰሩት የጎማ ክቦች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውሃውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ሐሳብ ነው። መርከብ ላይ ሲሆን ውሃውን ወደ ውጭ ይጥላል፣ ማሳ ላይ ሲሆን ወደ ሽንኩርት መደብ።

ሌላው ዓይነት፣ በፒስተን የሚስበው፣ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የመርከብ ጓደኛ ሆኖ ኖሯል። ኤልም የሚባል ዛፍ ግንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈለፈላል፣ የቆዳ መዝጊያ ይገባበታል፣ ከላይ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ወደ ላይ ወደ ታች ይባላል። ይህ ፓምፕ አንድ ደንበር አለው። የቱንም ያህል ጉልበት ይኑራችሁ፣ ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ መምጠጥ አይቻልም። ጋሊልዮ በ1638 በታተመው መጽሐፉ ነገሩን አንስቶታል፤ ምክንያቱን የነገረን ደግሞ ቶሪቼሊ ነው። ፓምፑ አይስብም አለ፤ ውሃውን ከታች የሚገፋው የአየሩ ክብደት ነው፤ ፓምፑ በሩን ይከፍታል እንጂ። ይህ ለደገኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ጣና ላይ ደንበሩ ወደ 8 ሜትር ከመንፈቅ ያንሳል፣ አዲስ አበባ ላይ 8 ሜትርም አይሞላ። የጉድጓድ ውሃ ልጠጣ ብሎ ፓምፕ ገዝቶ “አልስብ አለኝ” የሚል ጎረቤት ካላችሁ ማሽኑን ከመስደቡ በፊት ጥልቀቱን ይለካ።

የመርከብ ፓምፕ ግን ዋናው ጣጣው ከፍታው አልነበረም፤ ቆሻሻው ነው። መርከብ ውስጥ የጎድን አጥንት የመሰሉ አግዳሚ እንጨቶች አሉ፤ ውሃ በመካከላቸው እንዳይታጎር ከሥራቸው ትንንሽ ማለፊያ ይበሳል። ማለፊያው በጭቃና በጭራሮ ሲደፈን ፓምፑ ያለበት ጉድጓድ ደርቆ ሳለ ሌላው የመርከቧ ክፍል ሊሞላ ይችላል። ብልሆቹ መርከበኞች በቀዳዳዎቹ ሁሉ ሰንሰለት አሳልፈው አልፎ አልፎ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት ነበር፤ እንደ ጥርስ መፋቂያ በሉት። እህል የጫነች መርከብ ደግሞ ሌላ ፍዳ አለባት። ስንዴው ከጆንያው አምልጦ ወደ ከርስ ይወርዳል፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ፓምፑን ያንቀዋል። ስለ ሽታው ባላወራ እመርጣለሁ። መርከበኞች ግን በሽታው ይፈርዱ ነበር፤ ከርሷ የሚከረፋ መርከብ ጥሩ መርከብ ናት፣ ውሃ አታስገባምና ያረጀው ውሃ እዚያው ይበሰብሳል። የምታስገባዋ ቀን ከሌት ስለሚቀዳላት ከርሷ ንጹሕ ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። 1770 እ.ኤ.አ.፣ ሰኔ 11 ሌሊት። የእንግሊዙ ካፒቴን ጄምስ ኩክ የሚያዛት ኤንዴቨር የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዛ ስትሄድ የኮራል ድንጋይ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ውሃው ሲጎድል ድንጋዩ የበለጠ ነከሳት። ሰዎቹ እንድትቀላቸው መድፎቹን ሳይቀር ከ40 ቶን ያላነሰ ዕቃ ወደ ባሕር ጣሉ። (መድፎቹ እስከ 1969 እዚያው ተኝተው ቆይተው ወጥተዋል።) መርከቧ አራት ፓምፕ ነበራት። አንዱ አልሠራ አለ። የቀሩትን ሦስቱን እየተፈራረቁ ሳያቋርጡ ቀዱ።

ታድያ ከርስ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ የሚታወቀው በልኬት ነው። አንድ ሰው ምልክት ያለው ዘንግ ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ እርጥበቱ የደረሰበትን ያነብባል። እንግዲህ ስሙኝ። ለኪው ሲደክመው ሌላ ሰው ተካው። የፊተኛው ሲለካ የነበረው ከውስጠኛው የሳንቃ ንጣፍ ጀምሮ ነው። አዲሱ ይህን አልተነገረውም፤ ዘንጉን እስከ ውጭኛው ሳንቃ ሰድዶ ለካ። በሁለቱ መካከል 40 ሴንቲሜትር ያህል ልዩነት አለ። አዲሱ ለኪ ቁጥሩን ሲጠራ፣ ውሃው በአንድ አፍታ በዚያ ልክ የጨመረ መሰለ። ኩክ በማስታወሻው እንደጻፈው በመርከቧ ውስጥ ፍርሃት የገባው ያን ጊዜ ነው። ድንጋይ ላይ ሲወጡ ያልፈሩ ሰዎች፣ መድፍ ሲጥሉ ያልፈሩ ሰዎች፣ በአንድ ቁጥር ጉልበታቸው ከዳቸው። ስሕተቱ ሲታወቅ ደግሞ እነዚያው ሰዎች እንደገና ተነስተው ከበፊቱ በበለጠ ጉልበት ቀዱ። ውሃው ያው ነው። ቀዳዳውም ያው ነው። የተለወጠው ስለ ውሃው የተነገራቸው ነገር ብቻ ነው።

በመጨረሻ መርከቧን ያዳናት ፓምፕ ብቻውን አይደለም። ሞንክሃውስ የተባለ ወጣት ዕጩ መኮንን ከዚያ በፊት ከቨርጂኒያ ወደ ለንደን በሄደች መርከብ ላይ ያየው መላ ነበረው። በሸራ ላይ የተፈታ ገመድና ሱፍ ከበግ በጠጥ ጋር ለጠፉና ሸራውን ከመርከቧ ሥር አሳልፈው ጎተቱት። የሚገባው ውሃ ሸራውን ራሱ እየሳበ ቀዳዳው ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ አንድ ፓምፕ በቂ ሆነ። ወደ ዳር አውጥተው ሲያዩዋት፣ የሰበራት ኮራል ራሱ ተሰብሮ አንዱ ጉማጅ ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰነቀረ ተገኘ። ያ ጉማጅ ባይወተፍ ሦስቱም ፓምፖች የሚበቁ አልነበሩም።

ኤንዴቨር ላይ ፓምፑ ጊዜ ገዛ፤ በተገዛው ጊዜ ደግሞ ቀዳዳው ተፈልጎ ተደፈነ። ፓምፕ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያው እንግሊዝ አገር ፓምፕ ሌላ ሥራ ተሰጠው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው ያለፈ የእንጨት መርከቦች ከሰልና እንጨት ጭነው፣ ከዋጋቸው በላይ ኢንሹራንስ ተገብቶላቸው ይላኩ ነበር። ቢደርሱ ትርፍ ነው፣ ቢሰምጡም ትርፍ ነው። ሕዝቡ “የሬሳ ሣጥን መርከቦች” አላቸው። እንዲህ ያለችው መርከብ ወደብ ላይ ቆማ ስትታይ ደህና ናት፤ ከርሷ ሌሊቱን ተቀድቶ አድሯልና። መርከበኛው ከፈረመ በኋላ እውነቱን አይቶ “አልሄድም” ቢል በሕግ ይታሰራል። ስለዚህ ይሄዳል፣ ይቀዳል። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል በ1873 መጽሐፍ ጽፎ አገር አናወጠ፤ በ1876 መርከብ ከዚህ በላይ አትጫንም የሚል መስመር በጎኗ እንዲቀባ ሕግ ወጣ። መስመሩ የት ላይ ይቀባ? የሚለውን ግን ሕጉ ለባለ መርከቡ ተወው! ይህ የተስተካከለው በ1890 ነው። “ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል” ይላል ያገሬ ሰው፤ በሕግ ቀዳዳም እንዲያው ነው።

የዚያን ዘመን ፓምፕ ከውስጥ ማየት የሚፈልግ የጆሴፍ ኮንራድን “ወጣትነት” የሚል አጭር ልቦለድ ያንብብ። በ1898 ነው የታተመው። ኮንራድ ከደራሲነቱ በፊት መርከበኛ ነበር፤ ታሪኩንም የሠራው በ1881 በሁለተኛ መኮንንነት በተቀጠረባት ፓለስታይን በምትባል አሮጊት መርከብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከኒውካስል ከሰል ጭና ወደ ባንኮክ መሄዷ ነበር። ማዕበል ሲያገኛት ውሃ አስገባች፣ ሰዉ ሌትና ቀን ቀዳ፣ መርከቧ ተመልሳ ፋልመዝ ወደብ ወራት ተቀመጠች። ተጠግና ሄደች። በ1883 ሱማትራ አጠገብ ስትደርስ ከሰሉ ከውስጥ በራሱ ተቀጣጠለ። ያን ሁሉ ውሃ ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች አሁን ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ ያፈስሱ ጀመር። መርከቧ ተቃጥላ ጠፋች፤ ሰዎቹ በትንንሽ ጀልባ ዳኑ። ኮንራድ ይህን የጻፈው በወጣትነት ናፍቆት ነው፣ ያምርበታልም። እኔ ግን ሳነበው ዓይኔ የሚሄደው የፓምፑን እጀታ ይዘው ስማቸው ወዳልተጠራው ነው።

የኖርዌይ መርከበኞች በዚያው ዘመን ለድካሙ መላ አበጁ። እንጨት በምታመላልሰው አሮጌ መርከብ ወለል ላይ ትንሽ የንፋስ ወፍጮ ተክለው ንፋሱ እንዲቀዳላቸው አደረጉ። የሌላ አገር መርከበኛ ከሩቅ ወፍጮውን ሲያይ ይስቅ ነበር ይባላል፤ “እንዲህ ያለች መርከብ ላይ ሥራ አልቀጠርም” እያለ። እኔ ግን ከሳቂዎቹ ጋር አልሰለፍም። ወፍጮው ቢያንስ አይዋሽም። የሚዞር ወፍጮ ከአድማስ ሲታይ፣ “እኔ ውሃ አስገባለሁ” ብሎ የሚናገር ባንዲራ ነው።

በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ ፓምፕ አንሷት አልነበረም። ስምንት ነበሯት፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሠሩ በሰዓት 1,700 ቶን ውሃ ያወጣሉ። ከሠሪዎቹ ወገን የነበረ መሐንዲስ በምርመራው ላይ እንዳሰላው፣ በረዶው የከፈተው ቀዳዳ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንድ ተራ የቤት መስኮት ማለት ነው። በዚያ መስኮት የገባው ውሃ ግን በመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ከአሥር ሺህ ቶን የሚበልጥ ነው። ፓምፕ ለጠብታ የተሠራ ነገር ነው፤ ከመስኮት ጋር አይታገልም።

ይህን ስሌት ለዘመዴ ነገርኩት። ጀልባህ ከውሃው ወለል 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ቢከፈትባት በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ ይገባል አልኩት። ዛሬ በገበያ ያለው፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራውና ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሚሽከረከረው ትንሹ ፓምፕ ካርቶኑ ላይ “በሰዓት 2,000 ሊትር” ይላል። ካርቶኑን ብናምነው እንኳ ለዚያ አንድ ቀዳዳ ስድስት ያስፈልጋል። ካርቶኑ ደግሞ አይታመንም። ያ ቁጥር የተለካው ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ቱቦ ሳይኖረው ነው። ቱቦው ላይ ሜትር ከፍታና ሁለት መታጠፊያ ስትጨምሩበት፣ ባትሪው ሲደክም፣ የሚወጣው ግማሽ ቢሆን አትገረሙ። ስለዚህ ከሚያስፈልገው እጥፍ የሚሆን ግዛ፤ ቢቻል አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ሁለተኛውን ከፍ አድርገህ ትከለው። በእጅ የሚሠራም አንድ ይኑርህ፤ ባትሪው ራሱ ውሃ ሲገባው የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ጌጥ ነው።

ስለ አተካከሉ የጠየቀኝንም መለስኩለት። ፓምፑ ጀልባዋ ቆማ ሳለ ውሃ በሚጠራቀምበት በመጨረሻው ዝቅታ ላይ ይሁን፤ ሰው እጁን ሰድዶ ወንፊቱን ሊጠርገው የሚችልበት ቦታ ካልሆነ ግን ዋጋ የለውም። የሽቦው መጋጠሚያ ከውሃው በላይ ይሰቀል፣ ከታች ከሆነ በወራት ይበላል። መስመሩ በፊውዝ በኩል ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ፤ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ ቤቱ ሲሄድ ፓምፑ አብሮ እንዳይጠፋ። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ መውጫውን ነው። ውሃው የሚደፋበት አፍ ጀልባዋ ሰው ሞልታ ስትጠልቅ ከሐይቁ ወለል በታች ከዋለ፣ ፓምፑ ሲቆም ሐይቁ በዚያው ቱቦ ወደ ውስጥ መመለስ ይጀምራል። አውጪ ብለህ የተከልከው አስገቢ ይሆናል። መፍትሔው ቱቦውን መጀመሪያ እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ አውጥቶ፣ ከዚያ ወደ መውጫው ማውረድ ነው፤ ከዙሩ አናት ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

አንዱ ነገር ላይ ግን ተከራከርን። ውሃው ከፍ ሲል ራሱ የሚነሳና ፓምፑን የሚያስነሳ ተንሳፋፊ ማብሪያ አለ፤ የሽንት ቤት ታንከር ውስጥ ያለውን ኳስ አስቡት። ዘመዴ በጣም ወደደው። “በቃ፣ ልጁንም ማሰናበት ነው፣ ጀሪካኑንም መጣል ነው” አለ። እኔ የፈራሁት እሱኑ ነው። ልጁ በየማለዳው ሲጨልፍ፣ “ዛሬ ሃያ ጀሪካን ወጣ፣ ትናንት አሥራ ሁለት ነበር” ይል ነበር። ያ ልጅ የኩክ ለኪ ነው። ማብሪያው ግን አይናገርም። በሌሊት ይነሳል፣ ይቀዳል፣ ይተኛል። ጀልባዋ ጠዋት ደረቅ ሆና ትገኛለች። ዝገቱ ይሰፋል፣ ፓምፑ በሌሊት ሦስቴ የነበረው ሠላሳ ጊዜ ይነሳል፣ ጀልባዋ ግን አሁንም ጠዋት ደረቅ ናት። ባትሪው የሞተ ዕለት ባለቤቱ ስለ ቀዳዳው የሚሰማው ጀልባዋ ከታች ከተቀመጠች በኋላ ነው። ስለዚህ ማብሪያውን ትከል፤ ግን ፓምፑ በሠራ ቁጥር የሚበራ መብራት፣ ከተገኘም ስንቴ እንደተነሳ የሚቆጥር መቁጠሪያ አብረህ ትከል አልኩት። መቁጠሪያው ተጨማሪ ወጪ መስሎ ታየው። ልጁን ግን አላሰናበተም፤ በየማለዳው ቁጥሩን አንብቦ ደብተር ላይ እንዲጽፍ አደረገው። ጀልባዋን ደግሞ በበጋው ዳር አውጥተው የበላውን ብረት ቀይረዋል።

ትልልቆቹ መርከቦች ከዚህ የባሰ ጣጣ አለባቸው። ከርሳቸው የሚጠራቀመው ውሃ ከሞተር ዘይት ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ፓምፑ ወደ ባሕር ሲደፋው ባሕሩ ይበከላል። በ1973 ተፈርሞ በ1978 የተሻሻለው ማርፖል የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስላለ፣ ዘይቱ በማጣሪያ ካልተለየና በሚሊዮን ከ15 እጅ በታች ካልሆነ ውሃው አይደፋም። ማጣሪያው ግን ይደፈናል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ወደብ ላይ ማስረከብም ገንዘብ ይፈልጋል። ታድያ አንዳንድ መሐንዲሶች ማጣሪያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ባሕር የሚሄድ ቧንቧ በድብቅ ይገጥማሉ። “አስማተኛው ቧንቧ” ይሉታል መርከበኞቹ።

በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ካሪቢያን ፕሪንሰስ የምትባል ትልቅ የሽርሽር መርከብ በእንግሊዝ ዳርቻ ስታልፍ፣ አዲስ የተቀጠረ አንድ መሐንዲስ ይህን ቧንቧ አገኘው። ከዘይቱ ውሃ ጎን ለጎን ደግሞ ንጹሕ የባሕር ውሃ በመለኪያው በኩል እያለፈ ነበር፤ መሣሪያው ሲመዘግብ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው እንዲል። መርከቧ ይህን ስታደርግ የኖረችው ከ2005 ጀምሮ እንደሆነ በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተረጋገጠ። ለምን? ተብሎ ሲጠየቅ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ በየብስ ያለው አለቃ በጣልያንኛ “ክንደ አጭር” ነው የሚል ነበር፤ እኛ ቋጣሪ የምንለው ማለት ነው። ኩባንያው በታኅሣሥ 2016 ጥፋቱን ለማመን ተስማማ፤ ቅጣቱ 40 ሚሊዮን ዶላር ነው።

መሐንዲሱ ሳውዛምፕተን ወደብ ሲደርሱ ሥራውን ለቆ ከመርከቧ ወረደ፣ ያየውንም ለእንግሊዝ የባሕር ባለሥልጣን ተናገረ። መርከቧ ኒው ዮርክ ስትደርስ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች እየጠበቋት ነበር። ቧንቧው ግን ቀድሞ ተነቅሏል፤ ሠራተኞቹም እንዲዋሹ ታዘዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር በመርከብ መሐንዲስነት ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ልጆች አሉን። መርከቡ የሌላ፣ አለቃው የሌላ፣ ኮንትራቱ የወራት ነው። ከከርስ ውሃ በተደፋ ቁጥር የሚሞላ የዘይት መዝገብ አለ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መርከቧ ያለችበት ቦታ፣ የወጣው መጠን ይጻፍበታል። በእያንዳንዱ መስመር ሥር ሥራውን የሠራው መሐንዲስ ይፈርማል። ከባሕር ዳር የሄደው ልጅም ፊርማው እዚያ ላይ ነው።